ስለ እንቅርትና በደም ስለሚላከው መልእክተኛ

መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ አባቶቻችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላሉ። ይህን ምሳሌ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማ በመካከላችን አይገኝም፤ ዳሩ ግን ቃሉ ሁለት ዓይነት ዕጢዎችን በአንድ ላይ ማጋጠሙን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ጆሮ ደግፍ ሲይዝ የሚያብጠው ከጆሮ በታች ያለው የምራቅ ዕጢ ነው፤ እንቅርት የሚባለው ግን ከማንቁርት በታች በዐንገት ፊት ለፊት የተቀመጠው ዕጢ ከልኩ በላይ ሲያድግ ነው። ሁለቱም ዕጢ ይባሉ እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። የምራቁ ዕጢ ቧንቧ አለው፤ ያዘጋጀውን ምራቅ በዚያች ቧንቧ ወደ አፍ ያፈሳል፤ ሥራውም ለሁሉ የታወቀ ነው፤ የሎሚ ስም ሲነሣ እንኳ አፋችን ውሃ ይሞላልና። የዐንገቱ ዕጢ ግን ቧንቧ የለውም። ስለዚህ የቀድሞ ሐኪሞች ይህ ሥጋ ለምን እንደ ተፈጠረ ለማወቅ ብዙ ተቸግረዋል። በ1656 ዕጢውን ታይሮይድ ብሎ የሰየመው እንግሊዛዊው ቶማስ ዋርተን ዐንገትን ሞላ አድርጎ ለማሳመር፣ ይልቁንም ለሴቶች ውበት፣ እንደሚጠቅም ጽፏል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ቧንቧ የሌላቸው ዕጢዎች ያዘጋጁትን የሚሰጡት ለደም ነው። በውስጣቸው የሚያልፉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይቀበሉና ወደ ሰውነት ሁሉ ያደርሱታል። ይህ በደም የሚላከው መልእክተኛ ሆርሞን ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ ትርጓሜው «የሚያነሣሣ» ማለት ነው፤ በዚህ ስም በ1905 የጠራውም በለንደን መምህር የነበረው ኧርነስት ስታርሊንግ ነው። እርሱና ባልንጀራው ዊልያም ቤይሊስ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1902 ያደረጉት ሙከራ ሊነገር የሚገባው ነው። በዚያ ዘመን አንዱ የሰውነት ክፍል ሌላውን የሚያዝዘው በነርቭ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እነርሱ ግን ከአንድ ውሻ ቀጭን አንጀት ላይ ነርቮቹን ሁሉ ቈርጠው በአንጀቱ ውስጥ አሲድ አፈሰሱ፤ ቆሽቱም እንደ ወትሮው ፈሳሹን አመነጨ። መንገዱ ተቈርጦ ደብዳቤው ከደረሰ ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው። ወዲያው የአንጀቱን የውስጥ ሽፋን ፍቀው ከአሲድ ጋር ፈጭተው አጣሩና በደም ሥር ቢሰጡት ቆሽቱ እንደገና አመነጨ። መንገዱ ደም ነበር።

እኔ ነገሩን የምመስለው በአዋጅ ነው። የነርቭ መልእክት ለአንድ ሰው በእጁ እንደሚሰጥ ደብዳቤ ነው፤ ሆርሞን ግን በገበያ መካከል ነጋሪት ተጐስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» እንደሚባለው ያለ ነው። ድምፁ ለሁሉ ይደርሳል፤ የሚነሣው ግን ነገሩ የሚመለከተው ብቻ ነው። እንዲሁም አንድ ሆርሞን በደም ሲዞር በአጥንቱም በጡንቻውም በጉበቱም አጠገብ ያልፋል፤ የሚታዘዘው ያንን ሆርሞን የሚቀበል ተቀባይ ያለው ክፍል ነው።

የዚህ ገጽ አንባቢዎች በየዓመቱ በገዛ ሰውነታቸው የሚያውቁትን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጥቀስ። በዐቢይ ጾም አንድ ካህን ከሌሊት ጀምሮ ቆሞ ሲዘምርና ሲቀድስ ውሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። አንጎል ደግሞ ያለ ስኳር ጥቂት ጊዜ እንኳ መቆየት አይችልም፤ በመላው ደማችን የሚገኘውም ስኳር ከአንድ የሻይ ማንኪያ እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ ካህኑ ስለ ምን አይወድቅም? ማታ ሲበላ ቆሽቱ ኢንሱሊን የሚባለውን ሆርሞን ልኮ ጉበት የተረፈውን ስኳር በጎተራው እንዲያከማች አዝዞት ነበር፤ ሰዓቱ ሲረዝም ኢንሱሊን ይቀንስና ከዚያው ከቆሽት ግሉካጎን የሚባል ሌላ መልእክተኛ ወጥቶ ጎተራውን ያስከፍታል። ኢንሱሊን የጐደለበት ሰው ግን የስኳር ሕመም ይይዘዋል። እስከ 1922 ድረስ በዚህ የተያዘ ሕፃን ከጥቂት ጊዜ በኋላ መሞቱ የማይቀር ነበር፤ በዚያ ዓመት በጥር ወር በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ከእንስሳ ቆሽት የወጣ ኢንሱሊን ተሰጠው። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ስለ ሆነ እተወዋለሁ።

ወደ ዐንገቱ ዕጢ ልመለስ። ቅርጹ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል፤ ክብደቱም በጤነኛ ሰው 20 ግራም ገደማ ነው። የሚያዘጋጀው ዋናው ሆርሞን ታይሮክሲን ይባላል። የዚህ ሆርሞን ሥራ በሰውነት ውስጥ የሚነድደውን እሳት መጠን መስጠት ነው። ሲያንስ ሰው በቀትር ይበርደዋል፤ ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል፤ ፊቱ ያብጣል፤ ቆዳው ይደርቃል፤ ድምፁ ይጐረንናል፤ አሳቡም ይዘገያል። ሲበዛ ደግሞ እየበላ ይከሳል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ያለ ሩጫ ይሮጣል፤ እንቅልፍም ይሸሸዋል። ብዙ ጊዜ ስንፍና ወይም ቍጡነት እያልን የምንነቅፈው ጠባይ ከሃያ ግራም ሥጋ የሚመጣ ሊሆን መቻሉ እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ይህ የታወቀው በብዙ ሰዎች ጉዳት ነው። በስዊስ አገር በበርን ከተማ ቴዎዶር ኮኸር የሚባል እጁ የረቀቀ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ነበር፤ በተራሮቹ መካከል እንቅርት እጅግ የበዛ ስለ ነበረ ብዙ ሰው እየመጣ ያስወግድ ዘንድ ይለምነው ነበር። ዕጢውንም አጥርቶ ያወጣው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕመምተኞቹን ጠርቶ ቢያያቸው ዕጢው በሙሉ የወጣላቸው ብዙዎቹ ፈዝዘውና አብጠው፣ ልጆች የነበሩትም ዕድገታቸው ቆሞ አገኛቸው። ይህን ሳይሸሽግ በ1883 በባልንጀሮቹ ፊት ተናገረ፤ ዕጢውንም በሙሉ ማውጣት ተወ። በ1909 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ብዙ ሰው ያመሰገነው ስለ እጁ ቅልጥፍና ነው፤ እኔ ግን ያን የ1883ቱን ንግግሩን አስበልጣለሁ። በ1891 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ጆርጅ መሬይ የሚባል ወጣት ሐኪም ዕጢዋ ሥራውን ያቆመባትን አንዲት የ46 ዓመት ሴት ከበግ ታይሮይድ በተጨመቀ ፈሳሽ ከቆዳዋ በታች እየወጋ አከማት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እብጠቷ ሟሟ፤ ቋንቋዋም ተፈታ። ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች።

እንግዲህ እንቅርት ስለ ምን ያድጋል? ከአንጎል በታች ግማሽ ግራም የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች፤ የተቀመጠችበትን አጥንት ሊቃውንት የቱርክ ኮርቻ ይሉታል፤ ባለ ኮርቻ መሆኗም ይገባታል፤ ሌሎቹን ብዙ ዕጢዎች የምታዝዝ እርሷ ናትና። ታይሮክሲን በደም ውስጥ ሲያንስ ለታይሮይድ «ጨምር» የሚል መልእክት ትልካለች፤ ሲበቃ ዝም ትላለች። ታይሮክሲን ግን ያለ አዮዲን አይሠራም፤ በእያንዳንዷ የታይሮክሲን ቅንጣት ውስጥ አራት የአዮዲን አተሞች ይገኛሉ። ነገሩ ጌታው ሸማ አምጣ እያለ በየቀኑ የሚያስጨንቀውን ሸማኔ ይመስላል። ሸማኔው ድርና ማግ የለውም፤ ነገር ግን ትእዛዙ ስለ በዛበት ቤቱን ያሰፋል፤ ዕቃውን ይጨምራል፤ ተጨማሪ ሠራተኛም ይቀጥራል። ቤቱ ከመንደሩ ቤት ሁሉ ይበልጣል፤ ሸማ ግን የለም። እንቅርት ይህ ነው፤ የሰፋ ቤት፣ ያነሰ ሸማ።

አዮዲን ደግሞ በባሕር ይገኛል እንጂ በደጋ ምድር ጥቂት ነው፤ ዝናም ከአፈሩ እያጠበ በወንዝ ይወስደዋልና። አባይ አፈራችንን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ይዞብን ይሄዳል ማለት ነው። ለአንድ አዋቂ ሰው የሚበቃው በቀን 150 ማይክሮግራም ነው፤ አንድ ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። አስቤ ባሰላው አንድ ሰው በ70 ዓመት ዕድሜው የሚያስፈልገው ሁሉ ቢደመር 4 ግራም አይሞላም። ስለዚህ ጠቢባን ማንም ከማይተወው ምግብ፣ ከጨው ጋር፣ ይቀላቅሉት ዘንድ ጀመሩ፤ ስዊስ በ1922፣ በአሜሪካም የሚሺጋን አገር በ1924 ይህን አደረጉ።

በእኛ አገር አሞሌ ጨው እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበር፤ ይሁን እንጂ ከምድር ተቈፍሮ የሚወጣ ጨው አዮዲኑ እጅግ ጥቂት ነው። እስከ 1998 ጦርነት ድረስ ከአሰብና ከምጽዋ አዮዲን የገባበት ጨው ይመጣልን ነበር። ጦርነቱ መንገዱን ከዘጋ በኋላ የአፋሩ የአፍዴራ ጨው ተተካ፤ እርሱም ለብዙ ዓመት ያለ አዮዲን ይሸጥ ነበር። በ2007 የታተመ አንድ ምርመራ ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው የአገራችን ልጆች ከመቶው 40 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው ገለጠ። በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲገባበት የሚያዝዝ ደንብ አወጣ።

ደንብ ከወጥ ቤት እስኪደርስ ግን መንገዱ ሩቅ ነው። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ወደ ጎጃም ደጋ ወደ እናቴ አገር ሄጄ ነበር። የእናቴ ታላቅ እኅት ከማውቃቸው ጀምሮ እንቅርት አላቸው፤ ልጅ ሳለሁ እንደ ማተባቸው ከእርሳቸው ጋር የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር። ከእርሳቸው ጋር የምትኖረው የልጃቸው ልጅ በዚያ ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ ሦስተኛ ወሯን ይዛ ነበር፤ ነጠላዋን ስታስተካክል ዐንገቷ ሞላ ማለቱን አየሁ። ይህ የውበት ነገር አይደለም። በማሕፀን ያለ ሕፃን የራሱ ዕጢ ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ ማለት እስከ ሦስት ወር ገደማ፣ አንጎሉ የሚሠራው ከእናቱ በሚያገኘው ታይሮክሲን ነው፤ ከዚያም በኋላ አዮዲኑ ሁሉ ከእርሷ ነው። የእናቲቱ ጉድለት የበረታ እንደ ሆነ ልጁ መስማትና መናገር ተስኖት፣ አእምሮውም ደክሞ ሊወለድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚመልሰው መድኀኒት አይገኝም። ስለዚህም ለነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል።

ጨዋቸው ከምድጃው ዳር በማሰሮ ተቀምጧል፤ ከገበያ በጆንያ ተዘርግቶ ከሚሸጠው የተገዛ ነው፤ አሸዋው እንዲወጣለትም በውሃ ታጥቧል። አዮዲን ያለው ጨው ስለ ምን እንደማይገዙ ብጠይቃቸው፦

«ልጄ፣ ጨው ጨው ነው፤ ያ የፌስታሉ እንደ ዱቄት ነው፤ ጣዕም የለውም። አያቶቻችን ከአፋር በግመል የመጣውን ሲበሉ ኖረው ነው የወለዱን» አሉኝ።

«እማማ፣ አያቶቻችንስ እንቅርት አልነበራቸውምን?» አልኋቸው።

«ነበራቸው እንጂ። እናቴም ነበራት፤ የእናቴም እናት ነበራት። የዘራችን ምልክት ነው።»

«ከከተማ ያመጧት ምራትዎስ? ከዘርዎ ናትን?»

ጥቂት አሰቡና «እርሷስ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ አወጣች» አሉ፤ ከዚያም እጃቸውን ወደ ዐንገታቸው ሰደዱ።

በማግሥቱ ከልጅቱ ጋር ወደ ጤና ጣቢያ ወረድን፤ ከማሰሮውም ጨው ጥቂት በወረቀት ቋጥረን ያዝን። ነርሷ በጨዋችን ላይ አንዲት ጠብታ አደረገችበት፤ ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። ያንኑ ጠብታ ከሱቅ በመጣው ጨው ላይ ብታደርገው ወዲያው ወደ ሰማያዊ ተለወጠ። ልጅቱ ምንም ሳትናገር ሁለቱን ጨው ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ደሟም ተወስዶ እንዲመረመር ተደረገ፤ ጨውን ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃ በተከደነ ዕቃ እንድታኖር፣ ወጡም ሊወጣ ሲል እንድትጨምር ተነገራት።

ማታ ሁሉን ለአክስቴ ነገርኋቸው። «የእኔስ ይጠፋልን?» ብለው ጠየቁኝ። ለብዙ ዓመት የኖረና የቋጠረ እንቅርት በጨው እንደማይሟሟ፣ አንዳንድ ጊዜም እንዲህ ያለው ዕጢ አዮዲን በድንገት ሲያገኝ ታይሮክሲንን አብዝቶ ልብን ሊያስቸግር ስለሚችል ሐኪም ቢያያቸው መልካም እንደ ሆነ ሳልሸሽግ መለስሁላቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ በኋላ ማሰሮውን ከምድጃው ዳር አነሡና «ይህ ለከብቶቹ ይሁን» ብለው ለልጅቱ ሰጧት።