ሞያሌ ላይ ዓርብ ማታ አትድረሱ

እስቲ አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ከሐዋሳ ናይሮቢ በሞተር ሳይክል ለመሄድ ከሁሉ የሚከብደው ምን ይመስላችኋል? በረሃው? ሽፍታው? የወገብ ሕመሙ? እኔም እንደናንተ ነበር የማስበው። ጉድ የሠራችኝ ግን አንዲት ወረቀት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናይሮቢ የምትኖር ታላቅ እህት አለችኝ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የሠርጓ ቀን ሲቆረጥ "በአውሮፕላን ና፣ ትኬቱን እኔ እችላለሁ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ጀብዱ አማረኝና የጓደኛዬን ባለ 200 ሲሲ ሞተር ተውሼ ሐሙስ ረፋድ ላይ ከሐዋሳ ውልቅ አልኩ። ሠርጉ እሁድ ነው። መንገዱ በጠቅላላው 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅዳሜ በጠዋት ድንበር እሻገራለሁ፣ ማታ ኢሲዮሎ አድራለሁ፣ እሁድ ከሰዓት በፊት ዳሱ ውስጥ ነኝ ብዬ ሂሳቤን ሠራሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለኔ ነበር።

መንገዱማ ሸጋ ነው። ዲላን አልፋችሁ በቡናና በእንሰት መሀል ትወጣላችሁ፤ ከዚያ አገሩ እየሞቀ፣ እየደረቀ ይሄዳል። ቦረና ስትገቡ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የቀይ አፈር ኩይሳ በየሜዳው ቆሞ ታያላችሁ። ያቤሎ አደርኩ። በማግስቱ ሜጋ ላይ ጎማዬ ተነፈሰና ሞያሌ ስደርስ ዓርብ መሽቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ኬላው ላይ ሊብሬውን ሰጠሁ።

"ይሄ የማን ስም ነው?"

"የጓደኛዬ።"

"ውክልናህስ?"

ዝም። ሰውየው አዘነልኝ መሰለኝ "ለመሆኑ ቢጫ ካርድ ይዘሃል?" አለኝ። ደስ ብሎኝ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዴን መዥረጥ አደረግኩ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ! ለካ ቢጫ ካርድ ሁለት ነው። አንዱ የክትባት ነው። ሌላው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ኢንሹራንስ ነው፤ በሰው አገር ሰው ገጭታችሁ ብትጎዱ የተጎጂውን ካሳ የሚሸፍን። እኔ የያዝኩት ለትንኝ እንጂ ለሰው አይሆንም።

ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ውክልና የሚሰጠው ቢሮ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። እዚያው በእግሬ ተሻግሬ አውቶቡስ ብይዝ እደርስ ነበር። ግን የሰው ሞተር የት ጥዬ? ደግሞስ እልህ የት ይሄዳል? ቅዳሜን አንዱን ስለምን፣ ሌላውን ስጨቀጭቅ ዋልኩ። እሁድ ሞተሩን ያደርኩበት ሆቴል ግቢ አስቀምጬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሰኞ ስደርስ ዳሱ እየፈረሰ ነበር። እህቴ አልጮኸችብኝም። "አንተ ልጅ፣ እኔን ነው ወይስ ሞተሩን ልታጅብ የመጣኸው?" ብላ ሳህን ማንሳቷን ቀጠለች። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ ስትወልድ ድጋሚ ሄድኩ፤ አሁንም በሞተር። ያኔ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ወረቀት። ሞተሩ በስማችሁ ካልሆነ በጠበቃ ቋንቋ የተጻፈ፣ ከአገር ማስወጣትን በግልጽ የሚፈቅድ ውክልና ያዙ። ሞተሩ ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያሳየውን የጉምሩክ ጊዜያዊ ፈቃድ ጨርሱ፤ ኬንያም በበኩሏ ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ ትሰጣለች። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ። በኛ አቆጣጠር ብቻ ቀን የተጻፈበት ሰነድ ካለ ተተርጉሞ የፈረንጁ ቀን ይግባበት፤ አለበለዚያ ገና ያላለፈ መንጃ ፈቃዳችሁ ለኬንያ ፖሊስ ከሰባትና ስምንት ዓመት በፊት የተቃጠለ ነው። ደንቡ ስለሚቀያየር ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የሞያሌ የጋራ ኬላ የሁለቱን አገር ሠራተኞች ባንድ ቦታ ስላሰባሰበ ወረቀቱ የተሟላለት ሰው ብዙ አይጉላላም። ያልተሟላለት ግን የሥራ ቀን ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ድረሱ።

ቀጥሎ የቀን ድልድል። ከሐዋሳ ያቤሎ፣ ከያቤሎ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ማርሳቢት፣ ከማርሳቢት ናንዩኪ፣ ከናንዩኪ ናይሮቢ፤ አምስት ቀን። ማታ አትንዱ፤ ከብትና ግመል መብራት የለውም። ስለ ጸጥታው በየከተማው የጭነት መኪና ሾፌሮችን ጠይቁ፣ "ዛሬ አይኬድም" ካሏችሁ እደሩ። ከሞያሌ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ ድንጋይ የነበረው መንገድ ዛሬ አስፋልት ቢሆንም ግራና ቀኙ ጥቁር ድንጋይ የተበተነበት ጭር ያለ ሜዳ ነው። በጀሪካን ነዳጅና ብዙ ውሃ ያዙ።

ዋናው ግን ይሄ ነው፤ ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው። ኬላው ላይ ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል። አደጋው ያለው በማግስቱ ነው። እኔ ማርሳቢት አድሬ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ባዶ አስፋልት ላይ ስወጣ እጄ በልማዱ ወደ ቀኝ ወሰደኝ። ኩርባውን ስዞር የጭነት መኪና ፊት ለፊቴ! ዳር ወጥቼ ተረፍኩ። ከዚያ በኋላ "ግራ" ብዬ በፕላስተር ጽፌ ነዳጅ ጋኑ ላይ ለጠፍኩ።

ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን የሚያሳየው ሰሌዳ ጋ ፎቶ ተነሳሁ። ማክሰኞ ገብቼ የነበረው ሰው ሐሙስ ከሰዓት ናይሮቢ ነበርኩ። ጉምሩክ ፈትሾ፣ አሽትቶ ያሳለፈውን የገንፎ ዱቄት ለእህቴ አስረከብኩ። አራሷ ዱቄቱን ትታ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ እጄን፣ ቀጥሎ ጉልበቴን አየች። "ደህና ነህ?" አለች። "ወረቀቴም ደህና ነው" አልኳት። ያኔ ሳቀችልኝ።

ቸር ያገናኘን።