አጥር የሌለው መናፈሻ ለጭሮ

ጭሮ ላይ መናፈሻ ይሠራ የሚል ሐሳብ በአገር ልጆች መካከል በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው አጥር ይኖረዋል ወይ ብዬ ነው። ስለ አበባው፣ ስለ ፏፏቴውና ስለ መብራቱ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

አገር ቤት መናፈሻ ሲባል ቶሎ የሚታየን የታጠረ ግቢ፣ በር ላይ የቆመ ዘበኛና «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተው አንድነት ፓርክ ያማረ ሥራ ነው፤ የሚገባው ግን በትኬት ነው። ለአንድ ቀን ጉብኝት ይሁን። ለሰፈር ግን አይሆንም። ጉሊት ተቀምጣ የዋለች እናት ለሩብ ሰዓት ጥላ ሥር አረፍ ለማለት ትኬት አትቆርጥም። ሰሞኑን በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር የተሠሩት ክፍት መቀመጫዎች ደስ ያሰኙኝ በዚህ ምክንያት ነው።

የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው፤ የሐረርጌ ልጅ የማይታጣበት ከተማ። ሴዳር ሪቨርሳይድ የሚባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈቱ፣ አርክቴክት ራልፍ ራፕሰን የነደፋቸው ፎቆች የቆሙበት ነው፤ ረጅሙ 39 ፎቅ አለው። ኦሮሞውም ሶማሌውም እዚያ ተደራርቦ ይኖራል። ከፎቆቹ አጠገብ ከሪ ፓርክ አለ። ትኬት የሚጠይቅ የለም፤ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ እናቶች እያዩ ያወራሉ። ይህ በደግነት ብቻ የመጣ አይደለም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1883 ጀምሮ መናፈሻዎቿን የሚያስተዳድር ራሱን የቻለ ቦርድ አላት፤ ዘጠኙን አባላቱን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የሰፈር መናፈሻዎች ማደሻ ገንዘብ ሲደለደል ድህነት የበዛባቸው ሰፈሮች እንዲቀድሙ ተወስኗል። ደካማ ሰፈር እስኪጮህ አይጠበቅም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን እዚህም ያስከፋኛል። አግዳሚ ወንበሮቹ በረድፍ ተደርድረው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። የእኛ አባቶች እንዲያ አይቀመጡም። ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ካልተቀመጠ ጨዋታው አይደምቅም።

ይህን ለጭሮ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። የኢቱና የሁምበና ኦሮሞዎች የገዳ ጉባኤ የሚቀመጥበት ኦዳ ቡልቱም እዚያው ምዕራብ ሐረርጌ ነው፤ ጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲም በስሙ ተሰይሟል። አንድ ሰፊ ኦዳ፣ ማለትም ሾላ፣ ከሥሩ በዙሪያው የተቀመጠ ሕዝብ፤ ከዚህ የተሻለ የመናፈሻ ንድፍ እኔ አላየሁም። በፕላን መሥራትም ለከተማዋ እንግዳ አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ የዛሬዋን ጭሮ፣ ያኔ አሰበ ተፈሪን፣ የቆረቆሯት ለሌላው አገር አርአያ እንድትሆን አስበው ነው።

«ቦታ የት አለ?» ለሚለኝ መልስ አለኝ። ኒውዮርክ መሐል እ.ኤ.አ. በ1967 የተከፈተው ፔሊ ፓርክ 390 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ አገር ቤት አንድ ቪላ ከነግቢው የሚያርፍበት ቦታ። ጥላ የሚሰጡ ዛፎች፣ ከግድግዳ ላይ የሚወርድ ውኃና ሰው እንደ ልቡ እያነሣ የሚያስቀምጣቸው ወንበሮች አሉት። ጭሮም እንዲህ ያሉ ትንንሽ ቦታዎች በየቀበሌው ቢኖሯት ከአንድ ትልቅ ፓርክ እመርጣለሁ።

ንድፉ ከዳገቱ ይጀምር። ጭሮ በተራራ የተከበበች ናት፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ መሐል ይወርዳል። ቦታው ዝቅ ተደርጎ ቢሠራና ውኃው ወደ ዛፎቹ ሥር ቢመራ መንገዱም ይተርፋል፣ ዛፉም በጋውን ይሻገራል። ሣሩ ሰርዶ ይሁን፤ ቢረገጥም ቢጠማም ተመልሶ ይለመልማል። ሾላ ከግድግዳና ከውኃ ቧንቧ ርቆ ይተከል፤ ሥሩ ኃይለኛ ነው። ጠበብ ባለው በኩል ወይራ ይበቃል፤ ቀስ ብሎ ያድጋል እንጂ ዕድሜው ረጅም ነው። ባሕር ዛፍ አይግባ።

ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓትም ንድፉ ይወቀው። ሐረርጌ ጫት የሚበቅልበትም የሚቃምበትም አገር ነው፤ መናፈሻ ውስጥ ጥላ ያገኘ ሰው ጫቱን ይዞ ይመጣል። ክልክል ነው ብሎ መለጠፍ ዋጋ የለውም። ገራባው የሚጠራቀምበት፣ ፍየል ያለው ሰው ለከብቱ የሚወስድበት ቦታ ይዘጋጅ፤ ፌስታሉ ለብቻው ይሰብሰብ። ከዚህ የተለየ፣ መብራት ያለውና ከመንገድ የሚታይ የሴቶችና የሕፃናት ጥግ ይኑር፤ ቦኖ ውኃና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት አጠገቡ ይሁን። ሴቶች የማይቀመጡበት መናፈሻ ግማሽ ከተማ የተባረረበት ነው።

በውጭ አገር ያላችሁ የጭሮ፣ የገለምሶ፣ የበዴሳና የሂርና ልጆች፣ ለመናፈሻ ገንዘብ ስናዋጣ ግንባታው ላይ አናቁም። የአትክልተኛውንና የጽዳት ሠራተኛውን የአምስት ዓመት ደመወዝ አብረን እናስይዝ። ብሩን ከመላካችን በፊትም ማዘጋጃ ቤቱን በጽሑፍ እንጠይቅ፤ ቦታው በመናፈሻነት ይመዝገብ፣ ለሌላ ሥራ አይተላለፍ፣ አይታጠር።