ብርድ የናፈቀው አትክልተኛ

አትክልት የሚወድ ደገኛ ቆላ ሊወርድ ነው ሲባል ምርቃቱ ይዘንባል። «አንተማ ታድለሃል! እዚያ እንኳን ችግኝ የተሰካ እንጨትም ይበቅላል» ይሉታል። እኔም ሥራ ከደብረ ብርሃን ወደ አርባ ምንጭ ሲወስደኝ እንዲሁ ተመረቅሁ። ለስንብት ቡና የመጡት ጎረቤቶቼ ማንጎውን፣ ፓፓያውን፣ ሙዙን እየቆጠሩ ቀኑብኝ። በድሮው ዘመን ቢሆን ኖሮ ያለቅሱልኝ ነበር፤ ለደጋ ሰው ቆላ መውረድ ማለት ወባ ነበርና። አሁን አጎበሩም መድኃኒቱም ስላለ ለቅሶው በቅናት ተተካ። «ብርድህን ትተህ እንዴት ልትሆን ነው?» ያለኝ ግን አልነበረም።

ማንስ ይላል? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ማታ በለምለምነቱ የተሰናበቱት የድንች መደብ ጠዋት እሳት የለበለበው መስሎ ይጠብቃል። እኛ የደጋ አትክልተኞች ኅዳርን የምናሳልፈው ሰማይ እያየን ነው። ደመና ካለ እንተኛለን፤ ከዋክብቱ ጥርት ካሉ ጭድና ጆንያ ይዘን መደብ ልናለብስ እንወጣለን። ፍጉም ቢሆን ከምድጃ ተርፎ አይደርሰንም፤ ኩበት ሆኖ ይነዳል። እንዲያም ሆኖ በረንዳዬ ላይ በጣሳ የቡና ችግኝ አሳድግ ነበር። ማታ ማታ ወደ ቤት አስገባዋለሁ። ቅጠሉ ያምራል፤ ፍሬ ግን ጠይቄውም አላውቅ። አትክልተኛ የሚባል ፍጡር አገሩ የከለከለውን ካልተከለ እንቅልፍ አይወስደውም።

አርባ ምንጭ ያለችው 1,285 ሜትር ላይ ነው። መቶ ሜትር በወረዱ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በለጥ እያለ ስለሚጨምር፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የዘጠኝ ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ለሰው ዘጠኝ ዲግሪ ማለት ጋቢውን አጣጥፎ ሣጥን ውስጥ መክተት ነው። ለተክሉ ግን ሌላ ኑሮ ነው።

መጀመሪያ የሚያሰክረው ፍጥነቱ ነው። ፓፓያ ተተክሎ በዓመቱ ያፈራል። ወንዴና ሴቴው እስኪያብብ ድረስ ስለማይለይ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሰው በአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት ችግኝ ይተክልና አበባውን ሲያይ ትርፉን ወንዴ ይነቅላል። ሙዝ አንዱ ግንድ አንድ ጊዜ አፍርቶ ይሞታል፤ የሚሞተው ግን ከሥሩ ልጆች አስቀምጦ ነው። ብልሃቱ እናቲቱን፣ አንድ ልጇንና አንድ የልጅ ልጇን አስቀርቶ ሌላውን መንቀል ነው። ሁሉም ይደግ ያለ ርኅሩኅ ቅጠል ይታቀፋል እንጂ ደህና ዘለላ አያይም። ሽፈራውማ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢሰካም ይይዛል፤ በዚህ በኩል የደብረ ብርሃን ጎረቤቶቼ አልዋሹም። ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል፤ ወደ ኮንሶ ወረድ ሲሉ ደግሞ ኩርኩፋ ከሚሉት የዱቄት ድብልብል ጋር ይሠሩታል። ከደጋ ቆርጬ ያመጣኋት ጽጌረዳም ያዘች። ቶሎ ቶሎ ታብባለች፤ አበባዋ ግን አንሷል። ይህን የአበባ እርሻዎቹ ከእኔ በፊት ያውቁታል፦ በሆለታ በኩል ባለው ደጋ እምቡጡ ትልቅ የሆነው ጽጌረዳ ቀስ ብሎ ይደርሳል፣ ዝዋይ ላይ ትንንሹ ቶሎ ቶሎ ይቆረጣል።

ስካሩ የሚበርደው ነጭ ሽንኩርቱ ጋ ሲደርሱ ነው። ነጭ ሽንኩርት ራስ ለመቋጠር ጥቂት ሳምንታት ቀዝቃዛ አየር ማግኘት አለበት። ሙቀት ብቻ ሲያገኝ ቅጠሉ ያምርና ሲቆፍሩት ያልተከፋፈለ አንድ ድቡልቡል ነገር ይወጣል። ድንችም ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ባለ አየር ነው ደህና አድርጎ የሚቋጥረው፤ ሙቀቱ ከ25 እያለፈ ሲሄድ ጉልበቱን ለቅጠል ይሰጣል። ተክል ቀን በፀሐይ የሠራውን ስኳር ሌሊት ሲተነፍስ ያቃጥለዋል። ሌሊቱ በሞቀ መጠን የሚቃጠለው ይበዛል፣ ለጎተራ የሚተርፈው ያንሳል። አፕል ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ከ7 ዲግሪ በታች ያሳለፈውን ሰዓት እየደመረ ይጠብቃል፣ ካልሞላለት እምቡጡን በወጉ አይከፍትም። ሺህ ሰዓት የሚጠይቅ ዝርያ አለ፤ እስራኤል ውስጥ የተዳቀለው «አና» ግን ሁለት ሦስት መቶ ይበቃዋል። ያ ስንረግመው የኖርነው ብርድ ለካ ደመወዝ ሳንከፍለው ጓሯችን ውስጥ ሲሠራልን ኖሯል!

ከሙቀቱ ይልቅ ያምታታኝ ዝናቡ ነው። ደጋ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ይዘንባል፣ መስከረም ይጠራል፤ ይህን ማንም ልጅ ያውቀዋል። እዚህ ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ይወርዳል፣ በክረምቱ ወራት ይሳሳል፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ተመልሶ ይመጣል። ቡሄ ሲደርስ እግሬ ጭቃ ይፈልጋል፣ መደቤ ደግሞ ውሃ አጠጣኝ ይለኛል። በዓሉ ያው፣ ጾሙ ያው፣ የዘር ወሩ ብቻ ሌላ።

በደጋ ልማዴ መደቡን ጭድ ጠቀም አድርጌ ሳጎዘጉዝ ጎረቤቴ ሽማግሌ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው አይተው ሳቁ።

«ልጄ፣ ለምስጥ ድግስ ደግሰሃል እንዴ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ አባባ? ፀሐዩ አፈሩን ፈጀው እኮ።»

«ሳሳ አድርገው፤ ከግንዱም አርቀው። ውርጭ የለም ብለህ አትኩራ፤ የእዚህ አገር ውርጭ ስድስት እግር አለው።»

ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ነውና ምክራቸውን ተቀበልሁ። ፍጉም እንዲሁ ጠባዩ ተለውጧል። ደጋ ላይ ተኝቶ የሚከርመው ኮምፖስት እዚህ በጥቂት ወር አፈር ይሆናል፤ አፈሩም በዚያው ፍጥነት በልቶ ይጨርሰውና ሌላ ጨምር ይላል።

የዚህ አገር ቸርነት ግን ብርዱን አለማራቁ ነው። ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ቢወጡ ጨንቻ አለች፤ ከፍታዋ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። መንገዱ ሲጠማዘዝ ሙዙ ይቀራል፣ ማንጎው ይቀራል፣ ዶርዜ ላይ እንሰትና ቀርከሃ ይቀበላሉ፣ ከላይ አፕሉና ድንቹ። ሌላው ዓለም ይህን ያህል የአየር ለውጥ ለማየት ድንበር ይሻገራል፤ እኛ ሚኒባስ እንሳፈራለን። እኔ አፕል ልገዛ ነው ብዬ እወጣለሁ፤ ባለቤቴ ግን «ውርጭ ሊያሸት ሄደ» እያለች ለሰው ታወራለች። ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም።

የጣሳዋ ቡና አብራኝ ወርዳ ዛሬ በማንጎው ጥላ ሥር ፍሬ ይዛለች። ጣሳዋ ግን ባዶ አልቀረችም፤ ከጨንቻ የመጣች የአፕል ችግኝ አለችባት። እሷንም ፍሬ አልጠይቃትም።

እናንተም ልትወርዱ የተሰናዳችሁ ካላችሁ፣ ዘር ገዝታችሁ ሻንጣ አትሙሉ። መጀመሪያ የጎረቤትን ጓሮ እዩ፣ ችግኝ ጣቢያውን ጠይቁ፣ ዝናቡ የሚገባበትን ወር እወቁ፤ አጎበራችሁንም አትርሱ። ነጭ ሽንኩርቱን ግን ለደጋ ዘመድ ተዉለት፤ ለፋሲካው ዶሮ በሰው ይልክላችኋል።