ትምህርት ለማን? ወደ ባቱ ለምታቀና መምህርት የተጻፈ የምክር ደብዳቤ

ይድረስ በኬሚስትሪ መምህርነት ተመድባ ከአዳማ ወደ ባቱ (ዝዋይ) ለምትሄድ ልጅ።

ልጅ ከወላጅ ቤት ሲወጣ ስንቅና ምርቃት ይሰጠዋል፤ ለማስተማር የምትወጣ ልጅ ግን ከሁለቱ በተጨማሪ ትምህርት ቤት ለምን ተቋቋመ የሚለውን ጥያቄ ይዛ ብትሄድ ይበጃታል። ወላጅም ሆነ ተማሪ ይህን ሲጠየቅ «ፈተና አልፎ ሥራ ለመያዝ» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ እውነት አለው፣ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። ትምህርት ቤት አስቀድሞ የሰብአዊ እሴቶች፣ ማለትም የሐቀኝነት፣ የፍትሕ፣ ለሌላው የመቆርቆርና ሰውን በሰውነቱ የማክበር መለማመጃ ካልሆነ፣ የሚያስጨብጠው እውቀት ከምስክር ወረቀት አልፎ ለጎረቤት አይደርስም።

ጉድለቱ የቆየ ታሪክ አለው። ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር መንግሥት በብርቱ የፈለገው የውጭ ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚና ጸሐፊ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ ሰው አእምሮ የተማረ ማለት የመንግሥት ደመወዝተኛ ማለት ሆኖ ቀረ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. «የትምህርትና የተማሪ ቤት ትርጉም» የተባለውን መጽሐፍ ማሳተማቸው ጥያቄው ያን ጊዜም አሳሳቢ እንደነበረ ያመለክታል። ከዘመናዊው በፊት የነበረው ትምህርት እውቀትን ከጠባይ ለይቶ አያይም ነበር፤ የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ ቅኔ ሲቆጥር፣ ደረሳም በሼሁ ደጅ ቂርአቱን ሲከታተል፣ ትሕትናና አደብ የትምህርቱ አካል ነበሩ። በእነዚያ የትምህርት ጉባኤዎች ዱላ እንደነበረና ሴት ልጅ በአመዛኙ ከደጅ እንደቀረች አይካድም፤ ስለዚህ የሚፈለገው ወደ ኋላ መመለስ ሳይሆን እውቀትንና ጠባይን ያስተሳስር የነበረውን ሐሳብ ለሴቱም ለወንዱም እኩል አድርጎ ማደስ ነው።

ባቱ በምትገኝበት ስምጥ ሸለቆ ለዚህ ሐሳብ ሌላ ምንጭ አለ። በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚሸጋገርበትና በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት፣ ከአስተዳደርነቱ ባሻገር ትምህርት ቤትም ነው፤ ልጅ ከአንዱ የዕድሜ እርከን ወደ ሌላው ሲሸጋገር ሕግን፣ ታሪክንና ንግግርን ከታላላቆቹ እየሰማ ይማራል፣ ኃላፊነት የሚቀበለውም ደረጃ በደረጃ ነው። በመተሐራ ዙሪያ የሚኖሩት የከረዩ ኦሮሞዎች ይህን ሥርዓት ጠብቀው ካቆዩት መካከል ናቸው። በሥርዓቱ ውስጥ ሰፉ የሚባል ጽንሰ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ሰው ለታላቁ፣ ለታናሹ፣ ለእንስሳው፣ ለውኃውና ለመሬቱ የሚገባውን ክብር የሚወስን የሥነ ምግባር ሥርዓት ነው። ባቱ ውስጥ ብዙ ተማሪዎች ይህን ቃል ከቤታቸው ይዘው ወደ ክፍል ስለሚገቡ፣ መምህርቷ እሴትን ከባዶ እንደምትጀምር አድርጋ እንዳታስብ ያስፈልጋል።

«ፈተና አልፎ ሥራ ለመያዝ» የሚለው ጎዶሎ መልስ ያስከተለው ውጤት በአገር ደረጃም ታይቷል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ፤ ኋላም ኩረጃን ለመግታት ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ተሰብስበው እንዲፈተኑ ሲደረግና ውጤቱ በጥር 2015 ዓ.ም. ሲገለጽ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ አኃዝ ብዙ የተባለው ስለ ተማሪው ስንፍና ነው፤ ይሁንና ከባዱ ቁም ነገር ሌላ ነው። ዓላማው ፈተና ማሳለፍ ብቻ የሆነ ትምህርት ቤት ከመቶው 97 ለሚሆኑት ልጆች የሚነግራቸው ነገር የለውም፤ 12 ዓመት አብረውት ከቆዩ በኋላ «ወድቃችኋል» ብሎ ይሸኛቸዋል። እነዚያ ልጆች ግን ነገ አባት፣ እናት፣ ነጋዴ፣ ሾፌር፣ ገበሬና ሽማግሌ ሆነው አገር የሚያቆሙ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ለእነርሱም የሚሆን ስንቅ ሊኖረው ይገባ ነበር።

ለዚህ መፍትሔው ስለ ሥነ ምግባር የሚያወራ የትምህርት ዓይነት መጨመር ብቻ ነው ብሎ ማሰብም አይበቃም። ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ለብዙ ዓመታት በክፍል ውስጥ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ነጥብ የሚያዝበት ትምህርት በመሆኑም ስለ ሐቀኝነት የተጠየቀውን ጥያቄ ከጎረቤቱ ኮርጆ የሚመልስ ተማሪ ሙሉ ማርክ ሊያገኝበት ይችል ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብን፣ ማለትም የመልካም ጠባይ ትምህርትን፣ በመጀመሪያ ደረጃ መመለሱ መልካም ነው፤ እሴት የሚሰርጸው ግን ሒሳብም ሆነ ኬሚስትሪ በሚሰጥበት መንገድ፣ ማርክ በሚሞላበት እጅና ስም በሚጠራበት ድምፅ ነው።

ኬሚስትሪ ለዚህ ምን ያህል እንደሚያመች ከባቱ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ከወንጂ እስከ ባቱና ከዚያም በታች ባሉት አካባቢዎች ከጉድጓድ የሚቀዳው ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ስለሚያልፍና የካልሲየም መጠኑ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ፣ ማለትም ፍሎሪን የተባለው ንጥረ ነገር በውኃ ውስጥ የሚይዘው መልክ፣ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውኃ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ከዚያ በላይ ሲሆንና ልጁ ጥርሱ ገና በሚሠራበት ዕድሜ ሲጠጣው ጥርሱ ይበልዛል፣ መጠኑ እጅግ ሲበዛና ዘመኑ ሲረዝም ደግሞ አጥንትን ይጎዳል። እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ ጓደኞቹ ጥርሱን የማይፍቅ እያሉ ይሰድቡታልና። ፍሎሪን በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ ላይ ያለውን ቦታ በቃሉ የሚያውቅ፣ ነገር ግን የገዛ ጥርሱ ለምን እንደበለዘ ያልተነገረው ተማሪ ተምሯል ለማለት ያስቸግራል። መምህርቷ የውኃውን ነገር ስታስረዳ፣ መበለዙ የቸልተኝነት ምልክት እንዳልሆነ፣ ውኃ ማፍላት ጀርም ቢገድልም ፍሎራይድን እንደማያስወግድ፣ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲሄድ መጠኑን እንደሚያጠነክረው፣ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃና ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ እንደሚረዱ ስታሳይ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ኬሚስትሪም፣ የልጁም ክብር፣ ለታናናሾቹ የሚደረግ ጥንቃቄም አብረው ይሰጣሉ።

እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት በሐሳብ ብቻ የሚኖር እንዳይመስላት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤትን የመሠረቱትን አስፋው የምሩን ታስብ። በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ የድሃ ልጆችን ከዛፍ ሥር ሰብስበው ማስተማር የጀመሩት እኒህ ሰው፣ ኋላ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ችግረኛ ልጆችን ያለ ክፍያ የሚቀበልና ዱላ የተከለከለበት ነበር፤ በ2001 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የዓለም ሕፃናት ሽልማት የተሰጣቸውም ለዚህ ሥራቸው ነው። ከእርሳቸው ሕይወት የሚቀሰመው ትምህርት፣ የመምህሩ አያያዝ ከሕንፃውም ከመጽሐፉም ቀድሞ ለልጅ የሚደርስ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ልጅቷ በሥራዋ አራት ነገር እንድትጠብቅ ይመከራል። አንደኛ፣ ማርክ አትሸልም፣ አትቀማ፤ ያልተገባ ውጤት ለዘመድ ልጅ መስጠት የሌላውን ልጅ ድካም መስረቅ ነውና። ሁለተኛ፣ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ልትሰጠው የሚገባውን ትምህርት ቆጥባ በሚከፈልበት ማጠናከሪያ እንዳትሸጠው፤ የመምህር ደመወዝ አነስተኛ መሆኑና ኑሮ መክበዱ እውነት ቢሆንም፣ እንዲህ ያለው ንግድ የመጀመሪያ ዕዳውን የሚጭነው ከፍሎ መማር በማይችለው ልጅ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳር ካሉት የአበባ እርሻዎች ሠራተኞች ቤት የሚመጡትን፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ጉራግኛ ወይም ወላይትኛ የሚናገሩትን ልጆች በቋንቋቸው ምክንያት ማንም እንዳያሳፍራቸው ትጠብቅ፤ የማያውቁትን ለመጠየቅ የሚደፍሩት ክብራቸው ሲጠበቅ ብቻ ነው። አራተኛ፣ ያላወቀችውን «አጣርቼ እመለሳለሁ» ማለትን አትፈር፤ ተማሪ ሐቀኝነትን ከመምህሩ አፍ ከሰማ በኋላ በፈተና አዳራሽ ሲጠየቀው እንግዳ አይሆንበትም።

የፈተናው ነገር ቸል እንዲባል ይህ ምክር አይፈቅድም፤ ዩኒቨርሲቲ መግባት ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ብቸኛው መውጫ ስለሆነ፣ ለፈተናው በቅጡ ማዘጋጀትም የፍትሕ ሥራ ነው። ነገር ግን ዓመቱ ሲያልቅ መምህርቷ ራሷን የምትመዝነው ባለፉት ተማሪዎች ቁጥር ብቻ እንዳይሆን፤ ያላለፉት ልጆች እውነት መናገርን፣ የቤታቸውን ውኃ መመርመርንና ደካማውን መደገፍን ይዘው ወጥተው ከሆነ፣ ሥራዋ ሥራ ነው።

ፈጣሪ መንገዷን ያቅናላት፤ የሚሰማ ጆሮና የማይሰለች ልብ ይስጣት፤ ያስተማረቻቸው ወግ ማዕረግ ደርሰው ለማየት ያብቃት።

ከአባቷ፣ አዳማ