የደጋ ማደሪያና እሳት

ከዳንግላ ተነስተን ወደ እንጅባራ ስንሄድ አገሩ ከፍ ይላል። ብርዱም ይጨምራል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ነው። በየጓሮው ቀርከሃ ይታያል፤ ለአጥርም ለቤትም ይሆናል።

በደጋ ሲመሽ መንገደኛ ሜዳ ላይ አያድርም። «ቤቶች! የመሸብን መንገደኞች ነን፤ አሳድሩን» እንላለን። «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ» ይሉናል። እግራችን ይታጠባል፤ እሳት ይነድልናል።

ሰው በሌለበት ተራራስ? በአውሮፓ ኖርዌይ የምትባል ብርዳም አገር አለች። እዚያ በ1860 ዓ.ም. የተቋቋመ የተጓዦች ማኅበር በየተራራው ጎጆ ሠርቷል። ጠባቂ የሌላቸው ጎጆዎች አሉ። መንገደኛው ራሱ ገብቶ እሳት ያነዳል። ሲወጣ ቤቱን ጠርጎ፣ ለሚቀጥለው እንግዳ እንጨት አዘጋጅቶ ይሄዳል። ምድጃው የብረት ነው፤ ጭሱ በቧንቧ ወደ ውጭ ይወጣል።

እኛ ጋ ግን በብርድ ሌሊት ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ መተኛት አለ። ይህ ይገድላል! ከከሰሉ የሚወጣው መርዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። አይታይም፤ አይሸትም። ፍሙ ጭስ የለውም ብለን አንታለል። መርዙ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያስታውካል። የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ከመተኛታችን በፊት ፍሙን ከቤት እናውጣ። የታመመ ሰው ካለ ቶሎ ወደ ደጅ፣ ወደ ንጹሕ አየር እናውጣው፤ ወደ ጤና ጣቢያም እናድርሰው። እንግዳ ሲበርደው ጋቢ እንደርብለት እንጂ ፍም አጠገቡ አንተውለት።