በፍጥሞ ደሴት፤ ለአያትም ለልጅም የሚመች የእግር መንገድ

ቤተ ሰቡን ይዞ በእግር ሊንሸራሸር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ፥ መንገዱ ምን ያህል ያምራል የሚል ሳይሆን፥ ከመካከላችን እግሩ የደከመው ሰው ይዘልቀዋልን? የሚል ነው። ብርቱ ጐልማሳ ብቻ የሚሄድበት መንገድ ቤተ ሰቡን ከሁለት ይከፍለዋል፤ ብርቱው ቀድሞ ይወጣል፥ ደካማው ግን ከማረፊያው በረንዳ ላይ ተቀምጦ የተመላሾቹን ወሬ ይጠብቃል። አያትና ሕፃን የሚዘልቁት መንገድ ግን አጭርም ቢሆን ሁሉን በአንድነት ያደርሳል። እንዲህ ያለውን መንገድ ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር በግሪክ አገር በምትገኘው በፍጥሞ ደሴት ስላገኘሁ፥ ልጆችና ያረጁ ወላጆች ላሏቸው አንባቢዎች ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እነሆ እጽፋለሁ።

ፍጥሞ የሚለውን ስም የአገራችን ሰው የሚያውቀው ከዮሐንስ ራእይ መጽሐፍ ነው። እኔም በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ስሙን ስሰማ፥ ደሴቲቱ በመጽሐፍ ውስጥ እንጂ በምድር ላይ ያለች አትመስለኝም ነበር። በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህራችን ካርታ ዘርግተው፥ በግሪክና በቱርክ አገር መካከል ባለው በኤጌ ባሕር ውስጥ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህለውን ነጥብ በጣታቸው ሲያሳዩን እጅግ ተደነቅሁ። ግሪኮች ፓትሞስ ብለው ይጠሯታል። ስፋቷ 34 ኪሎ ሜትር ካሬ ያህል፥ የነዋሪዎቿም ቍጥር 3000 ያህል ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ወደ እርስዋ የሚደረሰው በመርከብ ነው፤ ፒሬዎስ ከሚባለው ከአቴና ወደብ የሚነሣው ትልቁ መርከብ 8 ሰዓት ያህል በባሕር ላይ ይጓዛል።

የውል አንቀጽ ማንበብ የሥራዬ ልማድ ስለ ሆነ፥ የደሴቲቱን ታሪክ ስመረምር አንድ ነገር አስተዋልሁ። ፍጥሞ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ በኢጣልያኖች እጅ ከወደቁት፥ ዶዴካኔዝ ከሚባሉት ደሴቶች አንዲቱ ናት። በ1947 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ የተፈረመው የሰላም ውል በ14ኛው አንቀጹ እነዚህን ደሴቶች ለግሪክ ሲሰጥ፥ በዚያው ውል በ33ኛው አንቀጽ ደግሞ ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነጻነት አውቃ ልታከብር ግዴታ ገብታለች። ይህን በመርከቡ ላይ ለልጆቼ ስነግራቸው፥ የሩቅ አገር ይመስላቸው የነበረው ደሴት የጐረቤት ያህል ቀረባቸው።

የተጓዦቹ ቍጥር አምስት ነበር። እኔና ባለቤቴ፥ 14 ዓመት የሆነው ወንድ ልጃችን፥ 7 ዓመት የሆናት ሴት ልጃችን፥ እንዲሁም 73 ዓመት የሆናቸው እናቴ ነን። የባለቤቴ ወንድም የአቴና ነዋሪ ስለ ሆነ፥ የጥሪውም የማረፊያውም ምክንያት እርሱ ነው። እናቴ በየወሩ በ4ኛው ቀን የወንጌላዊውን የዮሐንስን መታሰቢያ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ግላኮማ የሚባለው የዓይን ደዌ ብርሃናቸውን ቀስ በቀስ እየወሰደው ነው። ሐኪሞች የቀረውን ለመጠበቅ መድኃኒት ቢሰጧቸውም፥ የጠፋው እንደማይመለስ ገልጠው ነግረውናል። ስለዚህ እናቴ «ጨርሶ ሳይመሽብኝ ፍጥሞን በረገጥሁ» ይሉ ነበር።

ልጄን በሚመለከት ደግሞ፥ የዚህ ዕድሜ ልጅ ያለው አባት ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። በቤት ውስጥ ቃል የማይወጣው ሆኖ ነበር። ሲጠሩት «አቤት» ይላል፥ ሲጠይቁት «እሺ» ወይም «አላውቅም» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ክፋት አልነበረበትም፤ ዝምታው ግን በማዕዳችን ላይ እንደ አንድ ተጨማሪ እንግዳ ተቀምጦ ነበር።

መንገዱ እንዲህ ነው። መርከብ የሚቆምበት የወደቡ መንደር ስካላ ይባላል። በኮረብታው ራስ ላይ ያለችው ጥንታዊት ከተማ ደግሞ ኾራ ትባላለች። በመካከላቸው አውቶሞቢል የሚሄድበት ጠመዝማዛ ጐዳና አለ፤ ነገር ግን ጐዳናው ሳይሠራ ሰውና በቅሎ ይመላለሱበት የነበረው በድንጋይ የተነጠፈው የእግር መንገድ ዛሬም ይታያል። ርዝመቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ጤነኛ ሰው በአርባ ደቂቃ ያህል ይወጣዋል። ዳገቱ ዝግ ያለ ነው፤ በየስፍራውም የጥድ ጥላ አለ። ይልቁንም ለቤተ ሰብ የሚያመቸው፥ እኩሌታው ላይ ሲደርሱ የዮሐንስ ዋሻ ስለሚገኝ፥ የደከመው ሰው ዐርፎ መቀጠል ወይም ከዚያው በአውቶቡስ መመለስ መቻሉ ነው።

ከጧቱ በ1 ሰዓት ተነሣን። እኔ እናቴን በክንዳቸው ልይዝ እጄን ስዘረጋ፥ «አንተ ልጅቱን ጠብቅ፤ እኔን ይኸ ልጅ ይምራኝ» አሉና፥ ምርኵዛቸውን በቀኝ፥ የልጄን ትከሻ በግራ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ጥቂት እንደ ሄዱ ቆመው «ምን ይታያል?» ብለው ጠየቁት።

«ባሕር።»

«ባሕሩ ምን ይመስላል?»

«ሰማያዊ ነው፥ እማማ።»

«ሰማዩም ሰማያዊ ነው፤ ለይተህ ንገረኝ እንጂ።»

በፍርድ ቤት ብዙ ምስክር ሲጠየቅ ሰምቻለሁ፤ እንደ እናቴ ያለ መርማሪ ዳኛ ግን አላየሁም። ልጁ መጀመሪያ ዝም አለ። ቀጥሎም ዞር ብሎ ባሕሩን አተኵሮ ተመለከተና፥ «ነፋሱ የሚሄድበት መንገድ ይታያል፤ ነፋሱ የነካው ጠቈር ብሎ ይንቀጠቀጣል፥ ያልነካው ግን በጐመን ዘር እንደ ታሸ ምጣድ ያበራል» አላቸው። እናቴ «አሁን አየሁት» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ በየሃምሳ ርምጃው እየቆሙ ይጠይቁታል፥ እርሱም ይነግራቸዋል። ከወደቡ የሚወጣውን መርከብ፥ በግንቡ ስንጥቅ የበቀለውን ቀይ አበባ፥ በድንጋዩ ላይ ፀሐይ የምትሞቀውን እንሽላሊት ሁሉ ነገራቸው። ሴት ልጄ የጥድ ፍሬ እየለቀመች ወደ ላይ ትሮጣለች፥ ሐተታውን ለመስማት ደግሞ ትመለሳለች፤ እንዲህ ስትል መንገዱን ሦስት ጊዜ የሄደችው ይመስለኛል። በስድስት ወር ውስጥ ከልጄ አፍ ያልሰማሁትን ያህል ቃል በአንድ ጧት ሰማሁ። ይህንም ያደረገው ምክር ወይም ተግሣጽ አይደለም፤ እንዲያይላት የምትጠብቅ ዓይነ ደካማ አያት ከጐኑ መሆንዋ ነው።

ከዋሻው ስንደርስ አንድ ሰዓት ያህል አልፎ ነበር። በስፍራው፥ ከ1713 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀው የፍጥሞ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ስላለ፥ በጥላው ዐረፍን። ዋሻው ዛሬ በነጭ ሕንፃ የተከበበ ሲሆን፥ በደረጃ ወርደው ሲገቡ ከቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ጋር ተያይዞ ይገኛል። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚለው፥ ሐዋርያው በሮማው ንጉሥ በድምጥያኖስ ዘመን፥ በ95 ዓ.ም. ገደማ፥ ወደዚህ ደሴት በግዞት ተልኮ ራእዩን ያየው በዚህ ዋሻ ነው። በግድግዳው ላይ ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባለው ጐድጓዳ ስፍራ በብር ተከብቧል፤ በጣራው ዐለት ላይ ሦስት ሆኖ የተሰነጠቀው መስመር ድምፁ የተሰማበት ነው ይላሉ። በአንድ ወገን ደግሞ ደቀ መዝሙሩ አብሮኮሮስ የሐዋርያውን ቃል እየሰማ ይጽፍበት ነበር የሚባል የዐለት ጠርዝ አለ።

በዋሻው ድንግዝግዝታ ውስጥ እኛም ከእናቴ አብልጠን አላየንም። እርሳቸው ግን እጃቸውን በዐለቱ ላይ ጭነው ብዙ ጊዜ ቆዩ። ቀጥለውም በሥዕሉ ላይ ያለውን ልጁን ጠየቁት። «አንዱ ቆሞ ይናገራል፥ ሌላው ተቀምጦ ይጽፋል» አላቸው። «የሚጽፈው ማን ነው?» ቢሉት ስሙን ነገራቸው። እናቴም «እንግዲያስ የአባትህ ባልደረባ ነው፤ ጸሐፊ ባይኖር ቃሉ ከዚህ ዋሻ ባልወጣም ነበር» አሉ። ልጄ ቀና ብሎ ተመለከተኝ። ሃያ ዓመት ያህል የሰውን ክርክር በመዝገብ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ሥራዬን እንዲህ ባለ ዓይን ያየልኝ ሰው ከዚያ ቀን በፊት አላውቅም።

ከዋሻው እስከ ኾራ ያለው ሁለተኛው እኩሌታ ነው። በራሱ ላይ የቆመው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም በሩቅ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል፤ ግንቡ ወፍራምና ግራጫ የሆነው የባሕር ወንበዴዎችን ለመከላከል ስለ ተሠራ ነው። በ1088 ዓ.ም. የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክስዮስ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን ክሪስቶዱሎስ ለሚባሉት መነኵሴ በወርቅ ማኅተም ደብዳቤ ሰጥቷል፤ የብራናው ደብዳቤም በገዳሙ ዕቃ ቤት ለተመልካች ይታያል። ዘጠኝ መቶ ዓመት ያለፈው የርስት ሰነድ ሳይጠፋ ማየት ለአንድ የመዝገብ ሰው ምን ያህል ደስታ እንደ ሆነ ባልደረቦቼ ይረዱልኛል። ዋሻው፥ ገዳሙና ኾራ በአንድነት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። በገዳሙ ዙሪያ ያሉት ነጫጭ ቤቶችና ጠባብ መተላለፊያዎች ለልጆች መሸሸጊያ ጨዋታ የተሠሩ ይመስላሉ። ከከተማይቱ ዳር ባለው ጉብታ ላይ ደግሞ ሦስት የነፋስ ወፍጮዎች ቆመዋል፤ ሴት ልጄ ከገዳሙ ይልቅ እነርሱን ወደደች። እናቴ በአንዲት ትንሽ አደባባይ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቡና ጠጡ። ብርቱ ሰው በአርባ ደቂቃ የሚወጣውን መንገድ እኛ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀንበት።

ወደዚያ ለመሄድ ለሚያስቡ ጥቂት ምክር ልጨምር። የሚመረጠው ወራት ግንቦት ወይም መስከረም ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱም የእንግዳውም ብዛት ያስቸግራል። በዘመን ብዛት የለሰለሰው ድንጋይ ስለሚያንሸራትት ጫማው የሚቈነጥጥ ይሁን። በተለይ ቍልቍለቱ ለሽማግሌ ጕልበት ክፉ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ በእግር መውጣትና በአውቶቡስ መውረድ ይሻላል። ውሃና ባርኔጣ መያዝ፥ ለዋሻውና ለገዳሙም ትከሻንና ጕልበትን የሚሸፍን ልብስ መልበስ ያስፈልጋል። ከቀትር በኋላ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ስለ ሆነ የመግቢያውን ሰዓት ከዋዜማው መጠየቅ ነው።

በፍርድ ቤት የወንድማማች የርስት ክርክር በየሳምንቱ በእጄ ያልፋል። የአንድ እናት ልጆች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በዳኛው አፍ ብቻ ሆኖ ሲቆሙ አያለሁ። አብሮ በእግር መሄድ ክርክርን ያስቀራል ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በደካማው ርምጃ ልክ መሄድን በልጅነቱ የለመደ ሰው፥ ሲያድግ ወንድሙን ጥሎ ለመቅደም የሚቸኵል አይመስለኝም።

ከተመለስን ወዲህ የእናቴ ዓይን ይበልጥ ደክሟል። ጐረቤቶች ለቡና ሲመጡ «ፍጥሞ እንዴት ነበረች?» ብለው ይጠይቋቸዋል። እርሳቸውም ነፋሱ የነካው ባሕር ጠቍሮ እንደሚንቀጠቀጥ፥ ያልነካው ግን እንደ ታሸ ምጣድ እንደሚያበራ ይነግሯቸዋል። ልጄም በሌላው ክፍል ሆኖ ይሰማና፥ እናቴ የረሱት ነገር ያለ እንደ ሆነ ብቅ ብሎ «እማማ፥ እንሽላሊቷን አልነገሯቸውም» ይላቸዋል።