ከጎጀብ ማዶ

ታኅሣሥ ላይ ከጅማ ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚጓዝ ሰው ቡና ከፊቱም ከኋላውም ነው። የመኪናው ጣሪያ በጆንያ ተሞልቷል፤ በየደጁ አልጋ ላይ የተሰጣው ቀይ ቡና ወደ ጥቁርነት እየተለወጠ ነው። እኔ ግን ወሩን የመረጥሁት ለቡናው አልነበረም። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን የተማረኩት በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ዳር ነው። ወሩን ጠብቄ ቦታውን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

የነፃነት ሐውልት ሲባል ብዙዎቻችን ልባችን የሚሄደው አራት ኪሎ ነው። እዚያ የቆመው ሐውልት የሚያስበው ሚያዝያ 27ን ነው፤ ጠላት በ1928 አዲስ አበባ የገባበትን፣ ንጉሠ ነገሥቱም በአምስተኛው ዓመት ተመልሰው የገቡበትን ቀን። ልጅ ሆኜ አባቴ እጄን ይዞ እዚያ ወስዶኛል፤ አበባ ሲቀመጥ አይቻለሁ። በሁለቱ ሚያዝያ 27ቶች መካከል መንግሥት ወዴት እንደሄደ ግን የነገረኝ አልነበረም። መንግሥት ወደዚህ ነበር የመጣው፤ ወደ ቡናው አገር። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ጎሬ ላይ ጊዜያዊውን መንግሥት ይመሩ ነበር፤ ራስ እምሩም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ደረሱ። ጎሬ ከጠላት የራቀች፣ በጋምቤላና በባሮ ወንዝ በኩል ወደ ሱዳን በር ያላት፣ በቡና ንግድ የቆመች ከተማ ነበረች። የእንግሊዝ ቆንስላም ነበረባት።

ወደ ጎጀብ ቁልቁለቱ ሲጀምር አየሩ ይለወጣል። የጅማ ቅዝቃዜ ከኋላ ቀርቶ ሙቀት በመስኮት ይገባል፣ ሰው ጋቢውን ያወልቃል። ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ሾፌሩን ለመንሁት።

«አምስት ደቂቃ ብቻ» አለኝ።

ወረድሁ። ወንዙ ሰፊ ነው፣ ድምፁ ግን ዝግ ያለ፤ ወደ ኦሞ ነው የሚወርደው። ታች ሁለት ልጆች ሞተር ሳይክል ያጥባሉ፤ አንደኛው የጀሪካን ውሃ በጎማው ላይ እያፈሰሰ በእጁ ጭቃውን ይልጣል። ሐውልት ፈለግሁ፣ የተጻፈ ነገር ፈለግሁ። አላየሁም። ከጎኔ ተቀምጠው የመጡት ሽማግሌ በከዘራቸው እየተደገፉ ተከትለውኝ ወረዱ።

«ምን ጠፍቶህ ነው፣ ልጄ?»

«ራስ እምሩ የተማረኩበትን ቦታ ላይ ብዬ ነው፣ አባቴ።»

ውሃውን ዝም ብለው አዩት። «የእኛም ንጉሥ ቀለበታቸውን የጣሉት እዚሁ ነው» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የመጣሁበትን ነገር በግማሹ ብቻ እንደማውቀው የገባኝ። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርከው ወደ ሸዋ ሲወሰዱ፣ ጎጀብን ሲሻገሩ የንግሥና የወርቅ ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውልቀው ወንዙ ውስጥ ጣሉት ይባላል። ወደ ካፋ ሳይመለሱ አዲስ አበባ አረፉ። አርባ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ የማረካቸው መንግሥት እንደራሴ በዚያው ወንዝ ዳር ተማረኩ። አንድ ወንዝ ሁለቱንም አይቷል።

ከራስ እምሩ ጋር የነበሩት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ልጆች ነገር ልቤን ይነካኛል። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ፣ ውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ናቸው፤ መሪያቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። በሰኔ 1928 ነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች በሌሊት አቃጥለው ጄኔራል ማልዮኮን ገድለዋል። ማኅበሩ አሥር አንቀጽ ያለው ሕግ ነበረው፤ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይንገላታ ያዝዛል። አገር ተይዞ፣ ንጉሥ ተሰዶ፣ ጫካ ውስጥ ሆነው ስለ ምርኮኛ ማሰባቸው ዛሬም ይደንቀኛል። ጠላት ግን ለእነሱ አልራራም፤ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ከተያዙት ብዙዎቹ ተረሸኑ። የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን ተወስደው ፖንዛ በምትባል ደሴት ታሰሩ። ሙሶሊኒ ራሱ ከሥልጣን ሲወርድ የታሰረው እዚያችው ደሴት ነው፤ ይህንን ለሽማግሌው ስነግራቸው «እግዜር አይቸኩልም» አሉኝ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

ቦንጋ ላይ ሽማግሌው ወረዱ፤ ግንባሬን ስመው መረቁኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱ በደን ውስጥ ነው፤ ከቀረሮና ከዋንዛ ጥላ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር እርጥብ ቅጠል። ሚዛን የገባሁት ሲመሽ ነበር። ያረፍሁበት ቤት እመቤት እዚያው ከጓሯቸው የተለቀመ ቡና ቆሉልኝ፤ ከሦስተኛው ስኒ በኋላም ስለ ጎጀብ ማውራቴን አላቆምሁም።

በማግስቱ ወደ ቴፒ ስሄድ ከጎኔ የተቀመጠው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ቴፒ ድረስ ተጨዋወትን። ጎጀብ ዳር ድንጋይ ቢቆምና የሁለቱም ምርኮኞች ስም ቢጻፍበት ምኞቴ እንደሆነ ነገርሁት። የካፋን ሐዘን ትቶ የ1929ኙን ብቻ የሚጽፍ ድንጋይ ግማሽ ድንጋይ ነው፤ የ1929ኙን የሚዘልም እንዲሁ። ልጁ ጥቂት አሰበና «የማን ስም ይቅደም?» አለኝ።

«ቀድመው የተሻገሩት» አልሁት።

ስልኩን አውጥቶ ሁለቱን ስሞች ጻፈ፤ «ሼሮቾ» የሚለውን አጻጻፍ ሁለቴ ጠየቀኝ። መነኸሪያው ደረስን። የማሻ መኪና ረዳት እየተጣራ ነው፤ ከማሻ ቀጥሎ ጎሬ ነው። ቦርሳዬን ሰጠሁትና ገባሁ።